የሴት ቀራፂን ሕይወት በፊልም መሥራት፦ ጎንደርና ወለቃ ላይ ለሚቀርጹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጎንደር ላይ የአንዲትን ቀራፂ ሴት ሕይወት በፊልም ለመሥራት የሚያስቡ ዳይሬክተሮች፣ ፕሮዲዩሰሮችና ተማሪዎች ናቸው። መልሱ ስለ ካሜራ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ጭቃ የሚናገረው ይበዛል። እንዲህ ያለ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ሙሉ ሕይወቷን እንተርክ ወይስ አንድ ወቅት እንምረጥ?

አንድ ወቅት ምረጡ። በፈረንሳይዋ ቀራፂ በካሚይ ክሎዴል ሕይወት ላይ ሁለት የታወቁ ፊልሞች ስላሉ ልዩነቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1988 ብሩኖ ኑይተን ያዘጋጀው ነው። ኢዛቤል አጃኒ ካሚይን፣ ዤራር ደፓርዲዩ መምህሯንና ፍቅረኛዋን ኦጉስት ሮዳንን ሆነው ተጫውተውበታል። ታሪኩ ከወጣትነቷ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1913 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እስከገባችበት ቀን ይዘልቃል፤ ርዝመቱም ወደ 3 ሰዓት ይጠጋል። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ብሩኖ ዱሞን ሠርቶት ዡልየት ቢኖሽ የተጫወተችበት፣ የሚያሳየው የ1915ን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ካሚይ በሆስፒታሉ ውስጥ የወንድሟን፣ የገጣሚውን የፖል ክሎዴልን መምጣት ትጠብቃለች። እሷ እ.ኤ.አ. በ1943 እስክትሞት ድረስ 30 ዓመት በሆስፒታል ቆይታለች፤ ፊልሙ ግን ያን ሁሉ ዓመት በጥቂት ቀናት ጥበቃ ውስጥ እንዲሰማን ያደርጋል።

ረጅም ዘመን የሚሸፍን ፊልም የየዘመኑን ልብስ፣ መኪና፣ የመንገድ ምልክትና የቆርቆሮ ቀለም ሳይቀር ይጠይቃል። ተዋናይዋንም ማስረጀት ወይም ሁለት ሦስት ተዋናይ መቅጠር ግድ ይላል። በትንሽ በጀት የሚሠራ ቡድን አንድ ሥራ ይምረጥ። አፈሩ ከሚቆፈርበት ቀን እስከ እሳቱ ያለው ጊዜ ወደ 3 ሳምንት ነው፤ ይህ ራሱ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ታሪክ ነው። ያለፈ ሕይወቷ በዚያ መካከል በንግግርና በፎቶግራፍ ይገባል።

የወለቃ ሸክላ ሠሪ «ቀራፂ» ተብላ ልትጠራ ትችላለች?

ትችላለች፤ እንዲያውም ፊልሙ ይህን ጥያቄ ቢያነሳው ደስ ይለናል። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ትገኛለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች እንስራና ድስት ብቻ ሳይሆን ትንንሽ ምስሎችም ይሠሩባት ነበር፦ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። አብዛኞቹ የማኅበረሰቡ አባላት እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985ና በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሥራው አልጠፋም፤ ጎረቤቶቻቸው ቀጠሉት።

ሥራው ግን ለዘመናት «ሸክላ ሠሪ» በሚል ስም ተንቆ ኖሯል፤ በሙያው ላይ «ቡዳ» የሚል ስድብም ይለጠፍበት ነበር። ስክሪፕታችሁ ያንን ስድብ የሚያነሳ ከሆነ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ እሷም ስትሰማ ምን እንደምትሠራ በግልጽ ይታይ። ለጌጥ ብሎ ማስገባት ዛሬም በዚያው መንደር የሚኖሩትን ይጎዳል። «ፈላሻ» የሚለውንም ቃል ዘመኑ አስገድዷችሁ በገጸ ባሕርይ አፍ ካልሆነ በቀር አትጠቀሙ፤ በጽሑፍና በማስታወቂያ ላይ «ቤተ እስራኤል» በሉ።

ታሪኩ የባሏ ወይም የመምህሯ ታሪክ እየሆነብን ተቸገርን። ምን እናድርግ?

ስክሪፕቱን አትሙና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ያዙ። እጇ ሥራ ላይ የሆነበትን ትዕይንት ሁሉ በቀይ፣ ስለ ወንዱ የምትናገርበትን፣ የምታለቅስበትን ወይም የምትጠብቅበትን በሰማያዊ አስምሩ። ሰማያዊው ከቀዩ ከበለጠ ፊልሙ ከእጃችሁ ወጥቷል። መፍትሔው ወንዱን ማውጣት አይደለም። ክርክራቸውን ሥራው ላይ አምጡት፦ ጭቃው ቀጠነ ወፈረ፣ አንገቱ ይሸከማል አይሸከምም፣ ሥራው በማን ስም ይሸጥ። የ1988ቱ ፊልም ራሱ፣ የፍቅር ታሪኩ ቢያይልበትም፣ ካሚይን በሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ጭቃ ስትዝቅ አሳይቶ መጀመሩ ጥንካሬው ነው። ተመልካቹ ፍቅረኛ መሆኗን ከማወቁ በፊት ቀራፂ መሆኗን ያውቃል።

ተዋናይዋ በእርግጥ ጭቃ መሥራት መቻል አለባት?

ቢያንስ 6 ሳምንት ተለማምዳ መምጣት አለባት። ሸክላ የሠራ ሰው ጀማሪን በ2 ሰከንድ ይለያል። ጀማሪ በጣቶቿ ጫፍ ትነካካለች፤ የለመደች በመዳፏ ሥርና በአውራ ጣቷ ጎን ትገፋለች፣ ክንዷም ከትከሻዋ ጀምሮ ይሠራል። አገራችን ሴቶቹ የሚሽከረከር መንኮራኩር አይጠቀሙም፤ ዕቃው ቆሞ እነሱ ይዞሩታል ወይም በትንሽ መደብ ላይ አድርገው በእጃቸው ያዞሩታል። ተዋናይዋን መንኮራኩር ላይ ያለማመደ ዳይሬክተር የሌላ አገር ሸክላ ሠሪ ነው ያሳየው።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ማቡካትና መርገጥ ብቻ ይሁኑ፣ ቀጥሎ 2 ሳምንት ግድግዳ ማንሳት፣ ከዚያ ፊትና እጅ። በየቀኑ 1 ሰዓት ተኩል በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከመዋል ይሻላል፤ ጡንቻው የሚማረው በመደጋገም ነው። ጥፍሯ አጭር፣ ቀለም የሌለው ይሁን።

የእጅ ተለዋጭ (በተዋናይዋ ፈንታ እጇ ብቻ የሚቀረጽ ሌላ ሴት) ከተጠቀማችሁ የቆዳ ቀለም ብቻ ሳይሆን የአንጓ ውፍረት፣ የጥፍር ቅርጽና የምትሠራበት እጅ፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ መመሳሰል አለበት። ጭቃ እጅ ላይ ሲረጥብ ይጠቁራል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ሲደርቅ ነጣ ይልና ይሰነጣጠቃል። በሁለት ሾት መካከል እጇ ከጥቁር ወደ ነጭ ከተቀየረ ኤዲተሩ ማዳን አይችልም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቴክ (የአንድ ትዕይንት አንድ ጊዜ ቀረጻ) በፊት የእጇን ፎቶ የሚያነሳ፣ ውኃ መርጫም የያዘ አንድ ሰው መድቡ።

ለአንድ ቅርጽ ስንት ቅጂ ያስፈልጋል?

ዋናው ቅርጽ ቢያንስ 5 ደረጃ ላይ ይታያል፦ ጥሬ ክምር፣ ጥቅል ቅርጽ፣ ፊቱ የወጣበት፣ ያለቀ እርጥብ፣ የተቃጠለ። የሚሰበር ከሆነ በዚያ ላይ 3 ተጨማሪ አድርጉ፤ አንዱ በልምምድ፣ አንዱ በተበላሸ ቴክ ይሄዳል። አንድን ቅርጽ ከጥሬው እስከ መጨረሻው እየሠራችሁ በቅደም ተከተል ለመቅረጽ ካሰባችሁ ግን አንዲት ዝናብ ወይም የታመመ ተዋናይ ሁሉን ነገር ታቆማለች።

የልክ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። ጭቃ ሲደርቅና ሲቃጠል ያንሳል፤ እንደ አፈሩ ከ100 እጅ ከ8 እስከ 12 እጅ ይሄዳል። የራሳችሁን አፈር ለማወቅ አንድ ጠፍጣፋ ጭቃ ላይ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር በቢላ ጫሩ፣ አድርቁ፣ አቃጥሉና ለኩ። 9.1 ከሆነ አፈሩ 9 ከመቶ ያንሳል ማለት ነው። እንግዲህ የተቃጠለው 30 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ እርጥቡ 33 ሴንቲ ሜትር መሠራት አለበት። ይህን ያልቆጠረ ፊልም ላይ ቅርጹ በአንድ ሌሊት አንሶ ያድራል፤ ያስተዋለ ተመልካችም ከታሪኩ ይወጣል።

ልክ የሰው ራስ የሚያህል ቅርጽ ከነአንገቱ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ጭቃ ይፈጃል። አፈሩ በወንፊት ይነፋ፣ የተወቀጠ ገል ይጨመርበት። ገሉ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፣ እሳት ላይም ለእንፋሎት መውጫ ይከፍታል። የማይቃጠለውን ቅጂ በፌሮና በሽቦ አጽም መደገፍ ይቻላል። የሚቃጠለው ውስጥ ግን ብረት አይገባም፤ ጭቃው ሲያንስ ብረቱ አያንስም፣ ይሰነጥቀዋል።

በመብራት ሥር ጭቃው ይደርቅብናል።

ትኩስ ሃሎጅን መብራት አንስታችሁ ኤልኢዲ ተጠቀሙ። በቴክ መካከል ቅርጹን በእርጥብ ጨርቅ፣ ከላይ በፌስታል ሸፍኑ። ጨርቁ ፊቱን እንዳያበላሽ በአፍንጫውና በጆሮው ዙሪያ ጥቂት ቀጭን እንጨቶች ሰክታችሁ ጨርቁን በእነሱ ላይ አንጠልጥሉት። ውኃ ስትረጩ ጉም የመሰለ ይሁን፤ ጠብታ ከሆነ ገጹ ላይ ጉድጓድ ይሠራል፣ ክሎዝ አፕ ላይም ላብ ይመስላል።

የማቃጠሉን ትዕይንት እንዴት እንቅረጽ?

በፊልሙ ውስጥ ሊደገም የማይችለው ይህ ነው። ስለዚህ 2 ካሜራ፣ 3 ቅጂና አንድ ሙሉ ቀን መድቡ።

ቅርጹ ውስጡ ባዶ ይሁን፤ ግድግዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል አይብለጥ፣ ከሥሩም ትንፋሽ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ጥላ ውስጥ ይድረቅ። መድረቁን የምታውቁት በጉንጭ ነው፦ ቅርጹን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፣ ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ገና ውኃ አለ። ውኃው 100 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል፤ ካጣ ቅርጹን ያፈነዳዋል። እሳት ውስጥ የሚሰማው «ጧ» የሚል ድምፅ ይኸው ነው። ፊቱን ከቅርጹ ላይ ገፎ ይጥለዋል።

የሰዓቱን ቅደም ተከተል ከምሽቱ ተነስታችሁ ወደኋላ ቁጠሩት። ጎንደር ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቆየው ሰማያዊ ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ የነደደው ክምር ከሰማዩ ጋር አንድ ላይ የሚያምረው ያኔ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቅርጾቹ ከትንሽ እሳት አጠገብ ተደርድረው መሞቅ ይጀምሩ፤ ቢያንስ 2 ሰዓት እያገላበጣችሁ አሙቋቸው። ከዚያ ማገዶ ተነጥፎ፣ ቅርጾቹ በላዩ ተቀምጠው፣ ኩበት በዙሪያና በላይ ተከምሮ 11 ሰዓት ገደማ ይለኮሳል። ሜዳ ላይ የሚቃጠል ሸክላ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ኩበቱ ቀልቶ ሲታይ ሰማዩም ሰማያዊ ሆኗል።

ዋናው ካሜራ ከ3 ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ይቁም። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚያ ርቀት ፊቷን በደንብ ያመጣል። ብርሃኑን በነበልባሉ ሳይሆን በፊቷ ላይ ለኩ፤ ነበልባሉ ትንሽ ቢነጣ ችግር የለውም፣ ፊቷ ከጨለመ ግን ትዕይንቱ የለም።

ጥቁሩን ቀለም ከፈለጋችሁ ቅርጾቹ ቀይ ፍም በሆኑበት ሰዓት ገለባና የደቀቀ ኩበት ነስንሳችሁ አየር እንዳያገኝ በአመድ ድፈኑት። ጭሱ ወደ ሸክላው ገብቶ ያጠቁረዋል። ተቸኩሎ ከተከፈተ አየር ስለሚያገኝ መልሶ ይቀላል፤ ቡራቡሬ የሚሆነው ለዚህ ነው። ትኩሱን አውጥቶ ለነፋስ መስጠትም ይሰነጥቀዋል። እስከ ማግስቱ ጠዋት ይደር። አመዱን በእጇ ገለጥ አድርጋ ፊቱን የምታገኝበትን ሾት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቅረጹት፤ ፀሐዩ ገና ዝቅ ያለ፣ አመዱም ለብ ያለ ነው። በዚያች ቅጽበት ቅርጹ ደህና ይሁን የተሰነጠቀ ማንም አያውቅም፤ ተዋናይዋም አታውቅም። ለዚህ ነው ልምምድ የማያስፈልገው።

ጭሱን አታቃልሉት። የኩበት ጭስ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ቡድኑ ማስክ ይያዝ፣ 2 ባልዲ ውኃና አካፋም ከእሳቱ 5 ሜትር ላይ ይቀመጥ።

ድንጋይ ስትቀርጽ ማሳየት ብንፈልግስ?

የጎንደር ድንጋይ ጠራቢዎች የሚያውቁት ባዛልት ጠንካራ ስለሆነ ተዋናይ በቀን ውስጥ የሚታይ ነገር አታወጣበትም። ለሩቅ ሾት ከፎም የተቀረጸ፣ በቀጭን ጀሶ የተለበጠ ሐውልት ይበቃል። ለቅርብ ሾት ግን አንድ እውነተኛ ድንጋይ፣ መሮና መዶሻ ይኑር፤ ፍንጣሪውና ድምፁ በውሸት አይተካም። መነጽር የግድ ነው፤ በታሪኩ ዘመን መነጽር ከሌለ ፊቷ የማይታይበትን ሾት ባለሙያ ይሥራው።

የተዋናይዋን ፊት በጀሶ ማውጣት ይቻላል?

ጀሶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አታፍስሱ። 100 እጅ ጀሶ ለ70 እጅ ውኃ በክብደት ሲቀላቀል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ደግሞ ይሞቃል። ወፍራም ጀሶ ውስጥ የተቀበረ እጅ በከባድ ሁኔታ ሊቃጠል ይችላል። ምስሏን ከፎቶግራፍ ተነስታችሁ ጭቃ ላይ ሥሩና ጀሶውን በጭቃው ላይ አፍስሱ። ይህ ዝግታ ይጠይቃል እንጂ ማንንም አይጎዳም።

መብራቱና ካሜራው እንዴት ይዘጋጅ?

ቅርጽ የሚታየው በጥላው ነው። አንድ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ስጡት፤ ከፊት የበራ ቅርጽ ወረቀት ይመስላል። ከተቃራኒው ጎን ነጭ ጨርቅ ይበቃል። ለሴቷ ፊት የለሰለሰ ብርሃን ጨምራችሁ የቅርጹን ጥላ ካጠፋችሁት ግን ሁለቱም ይሞታሉ፤ ሁለቱን ብርሃን መለየት የምትችሉት ሴቷን ከቅርጹ በማራቅ ነው።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ በ1/50 ሰከንድ ሹተር ቅረጹ። በሌላ ከቀረጻችሁ የክፍሉ ፍሎረሰንት ሲብለጨለጭ ታገኙታላችሁ። ጄኔሬተር ከቀረጻው ከ30 ሜትር በላይ፣ ከግድግዳ ጀርባ ይቀመጥ።

መቼ እንምጣ?

ከጥቅምት እስከ የካቲት። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝናቡ አፈሩን ያጨቀያል፣ ጭቃው አይደርቅም፣ ማገዶው ይጨሳል። ጥር 11 ጥምቀት ስለሆነ በዚያ ሳምንት አልጋ አይገኝም፣ መንገዱም ይዘጋል። የበዓሉን ትዕይንት ካልፈለጋችሁ ከጥር 5 እስከ 15 አትምጡ።

የወሩን ቀናትም አስቡ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ሥራ የማይሠሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ለምኖ ማሠራት ነውር ነው። የቀረጻውን ፕሮግራም ስታወጡ እነዚህን ቀናት ለፎቶና ለጉብኝት ተዉ።

ለድምፅም ጎንደር ራሷን የቻለች ነገር ናት። የ44ቱ ታቦት አገር እንደመሆኗ የቅዳሴው ድምፅ ከሌሊቱ ጀምሮ በማጉያ ይሰማል። ንግግር ያለበትን ትዕይንት ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ወይም ድምፁን አስቀድማችሁ ለብቻው ቀርጹና የታሪኩ አካል አድርጉት።

ፋሲል ግቢ ውስጥ መቅረጽ ይቻላል?

በፈቃድ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ከከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጀምሩ፤ ድሮን ደግሞ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ጭቃ፣ ጀሶና እሳት ግን ወደ ግቢው አታስገቡ። ኖራው ዕድፍ ይጠጣል፣ ታጥቦም አይለቅም።

የማንን ፈቃድ እንያዝ?

በሕይወት ካለች የእሷን በጽሑፍ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይደነግጋል። ከሞተችም ከቤተሰቧ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሥራዎቿን በተመለከተ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን በሕይወት ዘመኗና ከሞተች በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ቅርጹን ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠው ሰው «ቅረጹት» ስላለ ብቻ አይበቃም፤ ወራሾቿን ጠይቁ።

ለሚያሠለጥኑንና ለሚሠሩልን እናቶች ምን እንክፈል?

የቀን ክፍያውን ከቅርጾቹ ዋጋ ለዩት። ለቀረጻ ስትል ሥራዋን ያቆመች ሴት የዚያን ቀን ገበያዋን አጥታለች። የተሰበሩት ቅጂዎችም ይከፈላሉ፤ ሥራው ተሠርቷልና። ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ ላይ «ቅርጾቹን የሠሩት» ተብሎ ከነሙሉ ስማቸው ይውጣ። ሲፈርሙ እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ጠይቁ፤ የአባት ስም ስህተት ቤት ውስጥ ቅሬታ ያስነሳል።

ፊልሙ ሲያልቅ ለመንደሩ እንዴት እናሳይ?

3 ሜትር በ1 ሜትር ከ70 ነጭ አቡጀዲ በሁለት እንጨት ወጥሩ፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ደርቡ፤ አለዚያ ብርሃኑ ያልፋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አትጀምሩ፣ ስዕሉ ይነጣል። ነፋስ ካለ የአቡጀዲውን የታች ጠርዝ በድንጋይ ያዙት። ድምፅ ማጉያውን ከሸራው ግራና ቀኝ አድርጉት፤ ሕፃናት ከፊት ምንጣፍ ላይ፣ እናቶች ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ።